«ቤታችሁ ውስጥ መሣሪያ አለ?» ሐኪሟ ለምን ትጠይቃለች?



ባለፈው ረመዷን መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የአራት ዓመት ልጇን ለመደበኛ የጤና ክትትል ወስዳ መመለሷ ነበር። ሐኪሟ ስለ ልጁ እንቅልፍ፣ ስለ ምግቡና ስለ ጥርሱ ከጠየቀቻት በኋላ «ቤታችሁ ውስጥ የጦር መሣሪያ አለ? ካለስ እንዴት ነው የምታስቀምጡት?» አለቻት። የአክስቴ ልጅ ደነገጠች። «የለም» ብላ ወጣች።

«ሒጃቤን አይታ ይሆን? ሙስሊም ስለሆንን ነው እንዴ የሚጠይቁን?» አለችኝ። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጨመረች። ባለቤቷ የሌሊት ሥራ ስለሚሠራ ባለፈው ዓመት ሽጉጥ ገዝቷል። የሚያስቀምጠው አልጋቸው አጠገብ ባለው ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ቁልፍ የለውም።

ይህን የምጽፈው እሷን አስፈቅጄ ነው። ብዙዎቻችን በውጭ አገር ዘመድ አለን። እዚህም ቢሆን ከመሣሪያ ጋር አብሮ በሚኖር ቤት ያደግን ጥቂት አይደለንም። ስለዚህ ጥያቄው ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚጠየቅና ለእኛ ምን እንደሚል ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ጥያቄው ከየት መጣ?

በአሜሪካ ጤነኛ ልጅም ቢሆን በተወሰነ ዕድሜ ለክትትል ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። ሐኪሙ ልጁን ከመመርመር ባለፈ ቤት ውስጥ አደጋ ሊያደርሱ የሚችሉ ነገሮችን አንድ በአንድ ያነሳል። መኪናችሁ የሕፃን ወንበር አለው? የጭስ ማስጠንቀቂያው ይሠራል? መድኃኒትና በረኪና የምታስቀምጡት የት ነው? የጦር መሣሪያ የዚህ ዝርዝር አንድ መስመር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሐኪሞች ይህን እንዲያነሱ ለዓመታት ሲመክር ቆይቷል። የሚሰጡት ምክርም አጭር ነው። ልጅ ላለበት ቤት ከሁሉም የሚሻለው መሣሪያ አለመኖሩ ነው። ካለ ግን ጥይቱ ይውጣ፣ መሣሪያው ይቆለፍ፣ ጥይቱም ለብቻው በሌላ ቦታ ይቆለፍ።

ለእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ መሆን የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን ገብታ «መጸዳጃ ቤት አላችሁ? አጎበሩን ትዘረጉታላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ሰላይ ናት የሚል የለም። ወባ ሳይገባ በሩን ለመዝጋት እንደምትጠይቅ እናውቃለን። የሕፃናት ሐኪሟም የምትጠይቀው ለዚያው ነው። የምትጠይቀው ደግሞ ባለ ሒጃቧን ብቻ ሳይሆን በበሯ የሚገባውን ወላጅ ሁሉ ነው፤ ቢያንስ የሙያው ምክር እንደዚያ ነው።

ሐኪሞቹን ያሳሰባቸው የቁጥሩ ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን በልጦ አንደኛ ሆነ። ከእነዚህ ሞቶች አብዛኛው ግድያ ነው። የመሳቢያ ቁልፍ ያንን ሁሉ አያቆምም፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ራስን ማጥፋት ነው፤ ሕፃን በጨዋታ ላይ ቃታ ስቦ የሚያደርሰው አደጋም አለ። እነዚህ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ የሚፈጸሙት ቤት ውስጥ፣ በቤቱ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት እንደገመተው 4.6 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ልጆች የሚኖሩት ጥይት የጎረሰና ያልተቆለፈ መሣሪያ ባለበት ቤት ነው።

«የእኔ ልጅ አይነካውም»

የአክስቴ ልጅም ያለችው ይህንኑ ነው። «ነግረነዋል እኮ፤ ደግሞም የት እንዳለ አያውቅም።»

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጥናት በአላባማ ገጠር ወላጆችንና ልጆቻቸውን ለየብቻ ጠይቆ ነበር። «ልጄ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም» ካሉት ወላጆች 39 በመቶውን የገዛ ልጆቻቸው «እናውቃለን» ብለው አስተባበሏቸው። «ልጄ ነክቶት አያውቅም» ካሉት ደግሞ 22 በመቶውን ልጆቹ «ነክተናል» አሏቸው።

በአትላንታ የተደረገው ሌላ ጥናት ከዚህ የባሰ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ሆነ። ተመራማሪዎች ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 64 ወንድ ልጆችን ሁለትና ሦስት እያደረጉ አንድ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። በክፍሉ መሳቢያ ውስጥ መተኮስ የማይችል እውነተኛ ሽጉጥ ደብቀው ነበር። 48ቱ ልጆች አገኙት። 30ዎቹ አንስተው ያዙት። 16ቱ ቃታውን ሳቡ። ከያዙት ወይም ቃታ ከሳቡት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ትምህርት ተሰጥቶናል ያሉ ልጆች ነበሩ።

እኔ ምህንድስና ነው የምማረው። በደህንነት ትምህርታችን አደጋን የምንከላከልባቸው መንገዶች ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ የአደጋውን ምንጭ ማስወገድ፣ ካልተቻለ ባነሰ አደጋ መተካት፣ ካልተቻለ በሰውና በአደጋው መካከል ማገጃ ማቆም ነው። መመሪያና ማስጠንቀቂያ ከእነዚህ በታች ነው የሚመጣው። ምክንያቱም መመሪያ የሚሠራው ሰው ሁልጊዜ ካስታወሰና ከታዘዘ ብቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሰለጠነ አዋቂ እንኳ ይረሳል። የአራት ዓመት ልጅን «አትንካ» ብሎ መተው ታዲያ ከሁሉ የደከመውን መከላከያ ብቻውን ማቆም ነው።

ማገጃው እንደሚሠራ ደግሞ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የታወቀ ጥናት አራት ነገሮችን ለየብቻ መዘነ። እነሱም መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይቱን ማውጣት፣ ጥይቱን መቆለፍ፣ ጥይቱን ከመሣሪያው ለይቶ ማስቀመጥ ናቸው። አራቱም እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ ጉዳት መቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኙ።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልበል። ካዝናውን ማውጣት ማለት መሣሪያውን ባዶ ማድረግ ማለት አይደለም። መሣሪያው አንዴ ከተቀባበለ አንድ ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ውስጥ ገብቷል። ካዝናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያለ ያ የጎረሰው አንድ ጥይት ሊተኮስ ይችላል። «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚባለው አደጋ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ስለዚህ ካዝናው ከወጣ በኋላ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ፣ የጎረሰውን ጥይት አውጥቶ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

አምስት ደቂቃ

ሁለተኛው ጉዳይ ለማንሳት ይከብዳል፤ በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ራስን ማጥፋት ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከማወቃችን ብዛት ግን «ሙስሊም አያደርገውም» ብለን ዓይናችንን እንጨፍናለን። ጭንቀት ግን ሃይማኖት አይመርጥም፤ የእኛም የመኝታ ክፍሎች ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም 26,328ቱ፣ ሕይወታቸውን ያጠፉት በራሳቸው እጅ ነው። በሂውስተን ከሞት ለጥቂት የተረፉ ወጣቶችን የጠየቀ ጥናት እንዳገኘው ከአራቱ የአንዱ ያህል ውሳኔውና ድርጊቱ በ5 ደቂቃ ውስጥ የተፈጸሙ ነበሩ። ማዕበሉ መጥቶ ያልፋል። ሰውየው በዚያች ሰዓት እጁ ላይ የሚያገኘው ነገር ግን ይለያያል። መድኃኒት ከወሰዱት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ መሣሪያ ከተጠቀሙት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አይተርፉም። አንድ ጊዜ ሞክረው ከተረፉት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በኋላ ራሳቸውን አጥፍተው አይሞቱም።

«የፈለገ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም» የሚል መከራከሪያ አለ። ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። በእንግሊዝ አገር በ1950ዎቹ መጨረሻ ራሳቸውን ካጠፉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የተጠቀሙት የምድጃ ጋዝ ነበር። ያን ጊዜ ጋዙ ከድንጋይ ከሰል የሚመረትና ካርቦን ሞኖክሳይድ የበዛበት ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጋዙ ቀስ በቀስ መርዛማ ባልሆነ ተተካ። የተደረገው ለወጪና ለአቅርቦት ሲባል ነበር። ነገር ግን የአገሪቱ ራስን የማጥፋት መጠን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ብዙዎቹ ሌላ መንገድ ፍለጋ አልሄዱም። ያቺ ሰዓት አለፈችላቸውና ኖሩ።

የመሣሪያ ቁልፍ የሚሰጠውም ያንን ነው፦ በእጅና በቃታ መካከል ጥቂት ደቂቃ።

የፍሎሪዳው ክርክር

ጥያቄው በአሜሪካ ሁሉንም አያስደስትም። እ.ኤ.አ. በ2010 በፍሎሪዳ ኦካላ ከተማ አንዲት እናት ለሕፃናት ሐኪሟ አልመልስም አለች። ሐኪሙም በ30 ቀን ውስጥ ሌላ ሐኪም ፈልጊ አላት። ጉዳዩ መነጋገሪያ ሆነና በ2011 የግዛቲቱ ምክር ቤት ሐኪሞች ለሕክምናው አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁና በታካሚው መዝገብ እንዳይጽፉ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የጣሰ ሐኪም እስከ 10,000 ዶላር መቀጮና ፈቃድ እስከ መነጠቅ ሊደርስ ይችል ነበር።

ሐኪሞች ከሰሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በየካቲት ወር 2017 የአሥራ አንደኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሙሉ ችሎት መጠየቅንና መመዝገብን የሚከለክሉትን አንቀጾች ሻረ። ምክንያቱም የሐኪሙ ንግግር በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጠበቀ ነው የሚል ነበር። መሣሪያ ስላለው ብቻ ታካሚን ማዳላት የሚከለክለውን አንቀጽ ግን ፍርድ ቤቱ አጸናው።

የእናቲቱን ቅሬታ ቀላል አድርጌ አላይም። የግል ሕይወቷ ነው። ደግሞም መጠየቁና ማባረሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አልመልስም ያለችን እናት ማባረር ልጇን ምክሩ ከሚገኝበት በር ማራቅ ነው። ፍርዱ ያቆመው ሚዛን ተገቢ ይመስለኛል፦ ሐኪሙ ይጠይቅ፣ ታካሚው ነፃ ይሁን፣ በመልሱም አይቀጣ።

ለሚጠየቅ ቤተሰብ

በውጭ ላሉ ዘመዶቻችን ልንነግራቸው የሚገባው ይህ ነው። መልስ መስጠት ግዴታ አይደለም። የሐኪምና የታካሚ ንግግር በምሥጢር ጥበቃ ሕግ የተሸፈነ ነው፤ የሰው ሕይወት በቅርብ አደጋ ላይ ሲሆን የተለየ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግም መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን ብሔራዊ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ስለዚህ ሐኪሟ ለፖሊስ ስም ዝርዝር እየሰበሰበች አይደለም።

መሣሪያ እንዳለ መናገር የማይፈልግ ሰው እንኳ «መሣሪያ ያለበት ቤት እንዴት ቢያስቀምጠው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ምክሩን ለመስማት መናዘዝ አያስፈልግም። በየቦታው የሚሰጥ ርካሽ የሽቦ ቁልፍ አለ፤ ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎችም በነፃ ያድሉታል። ሽቦው በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ስለሚቆለፍ መተኮስ አይቻልም። በሌሊት ቶሎ ማግኘት ለሚፈልግ ሰው በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ትንሽ የብረት ሳጥን አለ። ከቤተሰቡ አንዱ በጭንቀት ወይም በሐዘን ላይ ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ቢወጣ ይመረጣል።

አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ። ልጃችን የሚጫወተው በእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የጓደኛውን እናት «ውሻችሁ ይናከሳል?» ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ «ቤት ውስጥ ያልተቆለፈ መሣሪያ አለ?» ማለት ነውር አይደለም።

የፍላጻው ጫፍ

የአክስቴ ልጅ «እኛ በአላህ እንመካለን» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ነገር ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተወኩልን ያስተማሩት እንዴት ነበር? ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው መጀመሪያ እንዲያስር እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል።

ስለ መሣሪያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አለ። ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ መካከል የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ወደ ወንድሙ መሣሪያ የሚያነጣጥርን ሰው በቀልድም ቢሆን ከልክለዋል። ሁለቱም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ናቸው። ከሰገባው የወጣ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይሰጥም መከልከላቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል።

አስተውሉ፣ ባለ ፍላጻው ወንጀለኛ አይደለም። ምናልባትም ከጂሃድ ወይም ከአደን የሚመለስ ደግ ሰው ነው። የተጠየቀው «ለምን ያዝክ?» ተብሎ አይደለም። የተጠየቀው አያያዙን ነው። እኔ የሐኪሟን ጥያቄ የተረዳሁት ይህን ሐዲስ ሳስታውስ ነው። መድረሳ ሳለሁ በቃሌ ይዤው ነበር፤ ትርጉሙ ቤቴ የገባው ግን አሁን ነው።

በሌሊት መብራት እንዲጠፋ ባዘዙበት ሐዲስም አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል እንደምትችል ምክንያቱ ተጠቅሷል። አይጧን ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ እሳቱ ይጥፋ። የምህንድስና መምህሮቻችን አደጋውን ከምንጩ አስወግዱ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ያደግኩት በወሎ ገጠር ነው። አያቴ ጠመንጃቸውን ከምሰሶው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ከሥሩ እንተኛለን፣ ከሥሩ እንቀራለን። ክብር ነበር፤ ለእርሻው፣ ለከብቱም ጥበቃ ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የጎረቤታችን ልጅ አባቱ ከሠርግ ይዞት የተመለሰውን ክላሽ አነሳ። አባቱ ደክሞት አልጋው ላይ ጥሎት ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወጥቶ ነበር። ታናሽ እህቱ አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዙህር በኋላ ቀበርናት። በለቅሶው ላይ ሁሉም ሰው «የአላህ ቀደር ነው» አለ፣ ቀደርም ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል «መሣሪያው የት ነበር የተቀመጠው?» ያለ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት በአያቴ ቤት ጠመንጃው እዚያው ምሰሶ ላይ ነበር። በየቤቱም እንዲሁ። ያ ልጅ ዛሬ የእኔ እኩያ ነው። እስከ ዛሬ ሠርግ አይሄድም።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ሕጉ ተገቢ ነው። ፈቃድ ግን ማን እንደሚይዝ ይወስናል፤ ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ መሣሪያው የት እንዳለ የሚያየው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁላችንም እረኞች መሆናችንን፣ ስለ ጠበቅነውም እንደምንጠየቅ ነግረውናል።

የሕክምናና የጤና ተማሪ የሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ነገ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። «መሣሪያ አለህ?» ብትሉ ገበሬው ፍተሻ የመጣ ይመስለዋል፣ እንደ አክስቴ ልጅም «የለም» ብሎ ይሄዳል። «ልጆች ባሉበት ቤት መሣሪያ ካለ ጥይቱን ለይቶ መቆለፍ ይሻላል፤ እናንተስ እንዴት ታደርጋላችሁ?» ብትሉት ግን ያወራችኋል። የብረትና የእንጨት ሥራ የምናውቅ ደግሞ ለወላጆቻችን ቁልፍ ያለው ሳጥን መሥራት አያቅተንም። ለኢድ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ አባቶቻችንን በአክብሮት «አባባ፣ ጥይቱ ወጥቷል?» ብንል ነውር የለውም። ትልቁን ሰው ማሳፈር ሳይሆን ትንሹን ልጅ ማትረፍ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከሳምንት በኋላ መልሳ ደወለች። ያነበብኩትን ሁሉ ለባለቤቷ ነግራው መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር። ቀጥሎ ዝም አለ። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ የብረት ሳጥን ይዞ ገባ። መሳቢያውን ሲከፍቱ ከሽጉጡ ጎን ቀይ የመኪና መጫወቻ አገኙ። የልጁ ነበር።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ሰበቡን ከሚያደርሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።